አበባ ሊተከልበት የነበረው ጀልባ

ሐሙስ፣ መጋቢት 9 ቀን 1963 ዓ.ም.

የሦስተኛ ክፍል «ለ» ተማሪዎቼን ደብተር አረምኩ። ማካፈል ዛሬም አልገባቸውም። ወይስ ማስረዳት ያልገባኝ እኔ ነኝ? ነገ እንደገና...

አባዬ ከጠዋት ጀምሮ ጓሮ ተቀምጦ የጀልባውን ሞተር ካንዴላ ሲጠርግ ዋለ። ያለው ሁለት ካንዴላ ነው! ሁለት ካንዴላ ቀኑን ሙሉ ይጠረጋል? እማዬ በመስኮት አየችውና፣ «ለእኔ እንዲህ ተጨንቆልኝ ቢያውቅ» አለች።

ስለ ጀልባው እስከ ዛሬ እዚህ አልጻፍኩም። አፍሬ ነው መሰለኝ። አባዬ ዕድሜውን በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ከዲላ ቡና፣ ከአዲስ አበባ ጨውና ቆርቆሮ። ግራ እግሩ ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ ሲለው ቤት ዋለ። ቤት መዋል ደግሞ አይችልበትም። ወንበሩን በር ላይ ያወጣና የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ይሳደባል። «ማርሽ ቀንስ አንተ!» ሾፌሩ አይሰማው...

ከዚያ ባለፈው ጥቅምት አንድ ግሪክ ቡና ነጋዴ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ሲሸጥ፣ አባዬ ማንንም ሳያማክር ጀልባ ከነሞተሩ ገዝቶ መጣ። እማዬ፣ «ጀልባ ምን ያደርግልሃል?» አለችው። መልሱን መቼም አልረሳውም። «ፍሪሲዮን የለውማ!»

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አባያ ሐይቅ ላይ ይሠራል። ጎህ ሲቀድ ወደ ደሴቱ ይሻገራል፣ የደሴቱን ነጋዴዎች ይጭናል፣ ወደዚህ ዳርቻ ያመጣቸዋል። ከዳርቻው ወደ ዲላ ገበያ የሚወስዳቸው የጭነት መኪና አለ። ያመጣቸዋል ተብሎ ነበር ማለቴ ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 11

አብሬው ሄድኩ። ትናንት ከትምህርት ቤት መልስ በጭነት መኪና ወረድን፣ ዳርቻው ላይ እትዬ ሀዲጃ መጋዘን አደርን። እትዬ ሀዲጃ የዲላ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ሰፊ ሴት። ድምፃቸውም ሰፊ ነው። ከደሴቱ ቅቤ ለመግዛት ሁልጊዜ ከአባዬ ጋር ይሻገራሉ፤ ሌላ ደፋር የለም።

ሞተሩ ሲነሳ ደስ አለኝ። እንዴት ያጓራል! ግን... ጀልባው አፍንጫውን ወደ ሰማይ አንስቶ፣ ቂጡን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ይጎተታል። ከኋላችን የአባያ ቀይ ውሃ እየተገላበጠ ይከተለናል። ደርሰን፣ ሦስት ሰው ጭነን፣ እስክንመለስ... ዳርቻው ሲታየን የመኪናው ክላክስ ተሰማ። ከዚያ አቧራው ብቻ ቀረ።

በእንጨት ጀልባ ቀዝፈው የቀደሙን፣ ሰዎቻቸውን መኪናው ላይ አሳፍረው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አንዱ ቀዛፊ ሽማግሌ ለአባዬ ቦታ ለቀቁለትና፣ በደሴት አማርኛቸው «ጋሼ፣ እሷ ሞተር በጣም ይጮሃል። ግን አይሄድም» አሉት። ሁሉም ሳቀ። አባዬም ሳቀ፤ ሳቁ ግን አፉ ላይ ብቻ ነበር። የጫንናቸው ሦስቱም ሁለተኛ አንሳፈርም ብለው ሄዱ።

እሑድ፣ መጋቢት 12

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አቶ ሽብሩ ቤት ቁጭ ብሎ ጠበቀን። ዋናው መንገድ ላይ ያለው ሆቴል የእሱ ነው።

«ታረቀኝ ወንድሜ፣ ያቺን ጀልባ ሽጥልኝ።»

«ሐይቅ ላይ ምን ልትሠራባት?»

«ምን ሐይቅ አለኝ! ሆቴሌ በር ላይ አስቀምጬ አበባ ልተክልባት ነው እንጂ። መሐሏ ላይ ጽጌረዳ፣ ዙሪያዋን ባለቀለም አምፖል...»

እማዬ ከት ብላ ሳቀች። «አበባው እንኳ አይዘገይም!» አለች። አባዬ ግን መሬት መሬት አየ። «እስከ ልደታ ጠብቀኝ» አለው። «እስከዚያ ደሴቱ ደርሼ፣ ተመልሼ፣ መኪናው ሳይነሳ ሰዎቼን ካላሳፈርኩ፣ ናና ውሰዳት።»

«ቃል ነው?» እማዬ ናት የጠየቀችው።

«ቃል ነው።»

ያቺ በር ላይ የምትወጣው ወንበር ታየችኝ። አባዬ እሷ ላይ ተቀምጦ፣ ሆቴሉ በር ላይ ጀልባው አበባ አብቅሎ... በዚያ እያለፈ ዳቦ ሊገዛ? የለም። ይህ ጀልባ መሮጥ አለበት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 15

ክብደት እንቀንስ አልኩት። ጀልባው ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ አስቆጠርኩት። የትሬንታ ኳትሮ ማንሻ ክሪክ ከነሳጥኑ። ሰንሰለት። ሁለት የጎማ ታኮ። አካፋ!

«አባዬ፣ ሐይቅ ላይ ክሪክ ምን ይሠራል?»

«አይታወቅም።»

«ጎማ የለውም እኮ!»

«ማንጤ፣ ክሪክ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም።»

ብዙ ተከራከርን። ሰንሰለቱ፣ ታኮውና አካፋው ቤት ቀሩ። ክሪኩ አብሮን ይሄዳል። ሳጥኑ መቀመጫም ይሆናል አለ... ይሁንለት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 18

ውሃውን የሚገፋው ኤሊካ አንድ ክንፉ ተጣሞ ኖሯል! ግሪኩ ድንጋይ ላይ ሳያጋጨው አልቀረም። አባዬ በመዶሻ አቅንቶ በሞረድ አለሰለሰው። ሞተሩ መንቀጥቀጡን ተወ። ጥርሴም መጋጨቱን ተወ።

ትንሽ ፈጠንን። መኪናው አመለጠን፤ ግን ዛሬ ከኋላው አየነው። ባለፈው አቧራውን ነበር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 25

ወይ ጉድ! እንዴት ብዬ ልጻፈው?

የጀልባው ሆድ አረንጓዴ ዝቃጭ ይዞ፣ ቀለሙም ተቀራርፎ እንደ ሞረድ ሻክሯል። ትናንት ገልብጠን ፋቅነው። አባዬ፣ «አሁን የሚያንሸራትት ነገር ቀብተነው ብናድር» አለ። እትዬ ሀዲጃ ደግሞ ጾሙ ገበያቸውን ገድሎት ቅቤ ተከምሮባቸዋል። አንዱ እንስራ ሽታው ተለውጧል፤ ከፋሲካ በፊት የሚገዛው የለም።

«ውሰዱት! ወላሂ እኔ ጋ ከሚበላሽ ይሩጥበት» አሉ።

ቀባነው። በእጃችን፣ እስከ ክርናችን። በባትሪ ብርሃን ሲታይ ያበራ ነበር። አባዬ እጁን እያሸ፣ «ነገ ብቻ...» ብሎ ተኛ።

ጠዋት ስንወጣ የመንደሩ ውሾች በሙሉ ጀልባው ላይ ናቸው። ከአፍንጫ እስከ ቂጥ ልሰውታል! የቀረውን አሸዋ ይዞታል። አንድ ቢጫ ውሻ ጠግቦ ሥሩ ተኝቷል፤ አባዬ ቢገፋው አልነሳም አለ። እትዬ ሀዲጃ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ፣ እንባቸው እስኪወርድ። አባዬ ሊቆጣ አፉን ከፈተ... እሱም ሳቀ። ከልቡ። ለዚያች ሳቅ ሌላ እንስራ ቅቤ ብንቀባ አይቆጨኝም።

አሸዋውን ስንፍቅ መኪናው ሄደ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 2

የአባዬ አዲስ ሐሳብ። ዲላ መንገድ ላይ ጭቃ ሲሆን የመኪና የኋላ ጎማ ይሽከረከራል፣ አይነክስም። ያን ጊዜ ረዳቶቹና ተሳፋሪው ሁሉ ከኋላ ይወጣሉ፤ ክብደት ሲያርፍበት ጎማው መሬቱን ይነክሳል። እኔም ልጅ ሆኜ ወጥቻለሁ። «ይሄም ያው ነው» አለ። «ኤሊካው ውሃውን አልነከሰም። ሁሉም ወደ ኋላ!»

ክሪኩ ኋላ። ቅቤው ኋላ። እትዬ ሀዲጃ ኋላ። እኔ ኋላ። አባዬ ሞተሩ ሥር። ፊት ላይ ነፍስ ያለው ነገር የለም። የጀልባው አፍንጫ ከመነሳቱ የተነሳ ደሴቱን ማየት አቃተን፤ አባዬ ቆሞ ነው የነዳው። ውሃው ከኋላ በኩል ሊገባ ትንሽ ቀረው። እትዬ ሀዲጃ «ያ አላህ!» ሲሉ ነው የዋሉት።

ከመጀመሪያው ቀን የባሰ ሆነ። ሽማግሌው ቀዛፊ ባዶ ጀልባቸውን ይዘው ወደ ደሴቱ ሲመለሱ መሐል ላይ አገኙንና እጃቸውን አውለበለቡልን። አባዬ አላውለበለበላቸውም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 10

ፋሲካ። ዶሮ፣ ዶሮ፣ ዶሮ። አባዬ እየበላ «አንድ ነገር ቀርቶኛል» ይላል። እማዬ እንቁላሉ የቀረበት መስሏት ጨመረችለት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 16

አገኘነው!!!

ልረጋጋና ልጻፍ። ስንመለስ ነው። ሞተሩ ያጨሳል፣ እትዬ ሀዲጃን ቤንዚኑ አቅለሸለሻቸው። «በቃኝ! ፊት ሄጄ እቀመጣለሁ። ብሰምጥም ንጹሕ አየር እየሳብኩ ልስመጥ!» ብለው በእንብርክክ እየተሳቡ ሄዱ። አባዬ፣ «ኧረ ኤሊካው አይነክስም!» እያለ ጮኸ። አልሰሙትም። ፊት ላይ ዘፍ አሉ።

አፍንጫው ወረደ። የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ... ያ ማቃሰቱ ቀረና ቀጭን ሆነ። ጀልባው ውሃውን መጎተት ትቶ ላዩ ላይ ወጣ። ነፋስ ሻሼን ነጠቀኝ! እትዬ ሀዲጃ ውሃ ተረጨባቸውና ደንግጠው ተመለሱ። አፍንጫው ተነሳ። ማቃሰት። «እትዬ ሀዲጃ፣ በነቢዩ ይሂዱልኝ!» አልኩ። ሄዱ። ሮጠ። ተመለሱ። ቆመ ማለት ይቻላል።

አባዬ አፉን ከፍቶ ቀረ። ለካ ጀልባ መኪና አይደለም። ለካ ኋላው ሲከብደው አቀበት እየወጣ ነው የኖረው፣ በጠፍጣፋ ውሃ ላይ!

እትዬ ሀዲጃ ግን እስከ ጉልበታቸው ረጥበው፣ «እኔ ክብደት ነኝ እንዴ? ሁለተኛ አልቀመጥም» አሉ። አባዬ ድንጋይ እንጫን አለ። ድንጋይ ጭነን ምን ቀለልን? ክሪኩንና ቅቤውን ፊት አደረግን፤ ትንሽ ረዳ። አሁንም ኋላው ከባድ ነው።

ታዲያ ከአፌ አመለጠኝ። «አባዬ፣ ኋላ ያለው ትልቁ ጭነት አንተ ነህ።»

«መሪውን ማን ሊይዝ ነው?» አለ።

እጀታውን አጥብቆ ያዘ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 18

አያናግረኝም። ተቆጥቶ አይደለም፤ ሲያስብ እንዲህ ነው። አባዬ በዕድሜው መሪ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። ረዳቶቹ አንዴ እንኳ መኪናዋን ወደ ጥላ ላስጠጋ ብለው ሲለምኑት፣ በስንጥር ጥርሱን እየጎረጎረ ያልፋቸው ነበር። የእሱን መሪ ልቀበለው ነው? በዚያ እግሩ ላይ ይህን ልጨምርበት?

ግን ደግሞ... እውነቱን ለማን እደብቃለሁ? እጄን ያሳክከኛል። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ የሞተሩ እጀታ ይመስለኛል።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 23

አባዬ መላ አመጣ። ረጅም የብረት የውሃ ቱቦ። የሞተሩ እጀታ ላይ ሰካውና እሱ መሐል ላይ ተቀመጠ። መሪም ያዘ፣ ኋላውም ቀለለ! የሞተሩን ማጋደያ ብረትም አንድ ቀዳዳ ወደ ጀልባው አስጠጋነው፣ አፍንጫው እንዳይነሳ። ተነሳን... በረርን! እትዬ ሀዲጃ እልል አሉ። አባዬ፣ «አልኩሽ! አልኩሽ!» ይላል። ምንም አላለኝም ነበር፤ ግን ደስ አለኝ።

ሐይቁ መሐል ቱቦው ወለቀ።

ሞተሩ ዞረ፣ ጀልባው መሽከርከር ጀመረ። አንዴ፣ እንደገና። አባዬ ባዶ ቱቦ ይዞ ቆሟል። ወዲያ ማዶ የጉማሬ ራሶች ብቅ ብቅ አሉ፣ ምን ጉድ ነው ብለው። እኔ ለሞተሩ ቅርብ ነበርኩ። እጀታውን ያዝኩ። ጋዙን ቀነስኩ፣ አቀናሁ። ቀጥ አለ። ልቤ ግን አሁንም ይሽከረከራል!

አባዬ መጥቶ ተቀበለኝ፣ ኋላ ተቀመጠ፣ እያቃሰትን ገባን። መኪናው ሄዷል። ማታ ወደ ዲላ ስንወጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ማን አስተማረሽ?»

«አንተ።»

«እኔ መቼ?»

«ሁልጊዜ። እጅህን እያየሁ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 27

አቶ ሽብሩ ዛሬ መጣ። የአበባው አፈር ከጪጩ መጥቷል፣ ጽጌረዳውም ታዟል። «እሑድ ሰው ይዤ እመጣለሁ» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አበባ ይወዳል፣ በቃ።

እማዬ አልሳቀችም። ሲወጣ አባዬን አየችው። እሷ ናት ሽጠው ሽጠው ስትል የከረመችው... «ታረቀኝ፣ መሪውን ለልጅቷ ስጣት እንጂ» አለችው። እኔ ምንም አልነገርኳትም! እንዴት አወቀች?

አባዬ ተነስቶ ወጣ። ካንዴላዎቹን ሊጠርግ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 30

ቸኩዬ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴ የሦስተኛ «ለ» ይመስላል።

ጎህ ሳይቀድ ጀልባውን ገፋን። እትዬ ሀዲጃ መሐል ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን በላስቲክ ሸፍነው። እኔ እንደ ወትሮው መሐል ልገባ ስል አባዬ ገመዱን ሳበ፣ ሞተሩ ተነሳ። ከዚያ ቆመ። በዚያ ግራ እግሩ እያነከሰ፣ የእትዬ ሀዲጃን ትከሻ ተደግፎ፣ ወደ ፊት ሄደ። የክሪኩን ሳጥን አፍንጫው ጋ አስተካከለና ቁጭ አለበት።

እጀታው ሰው የለውም፤ እኔ ቆሜ አየዋለሁ።

«ምን ታዪኛለሽ? ቤንዚን እኮ ይቃጠላል!» አለ። ዞሮ አላየኝም።

ያዝኩ። እጀታው ሞቅ ያለ ነው፣ የእሱ እጅ ሙቀት። ጋዝ ሰጠሁት። አፍንጫው ሊነሳ ፈለገ፣ አባዬ ከበደውና ተወ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ውሃው ላይ ወጣ፣ ያ ቀጭን ድምፅ መጣ። አባዬ ኮቱ ተነፋ፣ ባርኔጣውን በእጁ ያዘ። ውሃው ፊቱን ይመታዋል። ተቆጣ? አዘነ? ጀርባውን ብቻ ነው የማየው። ከዚያ ሰማሁት። ይዘፍናል! ድሮ ሌሊት ሲነዳ እንቅልፍ እንዳይወስደው የሚዘፍነውን።

ደሴቱ ላይ የሚሳፈረን ጠፋ። «እሷ ሞተር አይሄድም» ብለው ነው። አንዲት ይመኙሻል የምትባል ጋቢ ነጋዴ ብቻ፣ ከነባሏ፣ መቅዘፊያ ጀልባዎቹ ቀድመው ሄደውባት ምርጫ አጥታ ገባች። ከኋላ መሪው ላይ እኔን ስታይ ልትወርድ ነበር። አባዬ፣ «አይዞሽ፣ እኔ ፊት ነኝ። ከተመታን መጀመሪያ የምመታው እኔ ነኝ» አላት። ይህ እንዴት እንዳጽናናት አላውቅም፤ ግን ተቀመጠች።

መሐል ላይ ቀዛፊዎቹን ደረስንባቸው። ማዕበላችን እንዳያናውጣቸው ራቅ ብዬ ዞርኩላቸው። ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን አንስተው ቆመው አዩን። አባዬ ባርኔጣውን አወለቀላቸው፣ እንደ ትልቅ ሰው። ቀጥሎ ግን አልቻለም። እንደ ልጅ ጮኸ!

ዳርቻው... መኪናው አለ! ሞተሩ እንኳ አልተነሳም። ሾፌሩ ጎማው ሥር ተጋድሞ ሸንኮራ ይበላል። ይመኙሻል ጋቢዋን ጭና፣ ቦታ መርጣ ተቀመጠች። ቀዛፊዎቹ እስኪመጡ ጠበቅናቸው።

አባዬ ከጀልባው ሲወርድ ከራሱ እስከ እግሩ ውሃ ይንጠባጠባል። አጠገቤ መጣ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ወደ ዳርቻው ስታጠፍ ጋዝ አብዝቼ ነበር።

«ማንጤ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስነዳ ያየሁት መንገድ ነው። ዛሬ አገር አየሁ» አለኝ።

አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው፣ ደስ ብሎኝ ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 1

ልደታ። ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይበላል። አቶ ሽብሩ ከነሰዎቹና ከነገመዱ መጣ። እማዬ ንፍሮ በእፍኙ ሰጠችውና፣ «አበባህን በርሜል ውስጥ ትከል» አለችው። አባዬ ታሪኩን ነገረው፤ ሲነግረው ማዕበሉ ቤት ያክል ሆነ። አቶ ሽብሩ አዘነ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ መቼ ልሳፈር አለ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 21

ዛሬ ሁለት ጊዜ ተመላለስን። ነጋዴው ስለበዛ አንዴ አይበቃም። እማዬም መጣች! ዓይኗን ጨፍና ነው የተሻገረችው፤ ስትመለስ አንዱን ገለጠች። ነገ ደግሞ ሁለተኛውን እከፍታለሁ ብላለች... ነገ እሑድ መሆኑን ረስታ።

በር ላይ የምትወጣው ወንበር? አባዬ ራሱ እግሯን ቆርጦ ጀልባው አፍንጫ ላይ አሰራት። ክሪኩ ሥሯ ነው። እሷ ላይ ቁጭ ብሎ ለቀዛፊዎቹ ሰላምታ ይሰጣል፣ ጉማሬ ሲያይ በእጁ «ወደ ግራ!» ይለኛል፣ ዳርቻ ስንደርስ «ና፣ ና፣ ና... በቃ!» ይላል። ተሳፋሪ ሲጠራ ድምፁ ዲላ ይደርሳል።

ከሰዓት በፊት አንድ እንግዳ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ቦርሳ የያዘ፣ ደሴቱ ላይ ሊሳፈር መጣ። አባዬን ትልቅ ሰው ሆኖ ከፊት ሲያየው፣ «ሾፌሩ እርስዎ ነዎት?» አለው።

አባዬ ዞር ሳይል፣ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ሾፌሯ ልጄ ናት። እኔ ረዳቷ ነኝ። ቦርሳህን ወደ ፊት አቀብለኝ፣ ኋላ እንዳይከብዳት።»